የመዝገብ ቤቱ በር ቋንቋ ሲለወጥ

ፕሮቶኮል የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። የውጭ አገር እንግዳ በመጣ ጊዜ ማን ቀድሞ እጅ እንደሚነሣ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሥርዓት ፕሮቶኮል ይባላል። ይህ ሥርዓት ቢፋለስ የሚያስከትለው ቅሬታ ነው። በኮምፒዩተር ሥራም በዚሁ ስም የሚጠራ ሥርዓት አለ፤ እርሱ የተፋለሰ እንደሆነ ግን የሕመምተኛው መዝገብ፣ የባንክ ሒሳቡና የተማሪው ውጤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ከእጅ ሊወጣ ይችላል። ዛሬ ልናወሳው ያሰብነውም አንድ ትልቅ የመረጃ ማከማቻ ከሰርቨሮች ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮቶኮል ስለ መለወጥ ነው። ነገሩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜውን የሚፈቅደውና ኃላፊነቱን የሚሸከመው ሹም ስለሆነ፣ ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች ቢያውቁት የሚበጅ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሆነ እናስረዳ። በአንድ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ጸሐፊ ፋይሉን በየመሳቢያው ቆልፎ የያዘ እንደሆነ ሥራ አይቃናም። ስለዚህ አንድ የጋራ መዝገብ ቤት ይቋቋማል። የመረጃ ማከማቻውም ለሰርቨሮች እንዲሁ ነው። በውስጡ ብዙ ዲስኮች ተደርድረዋል፤ እነርሱን የሚመሩ ኮንትሮለር የሚባሉ ሁለት አዛዦችም አሉ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ነው። በኮንትሮለሮቹ ጀርባ ደግሞ የሰርቨሮች ኬብል የሚሰካባቸው ፖርቶች ይገኛሉ። እነዚህን የመዝገብ ቤቱ በሮች ብንላቸው ስሕተት አይሆንም።

ይህ ጥበብ ብዙ መንገድ የመጣ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1956 እ.ኤ.አ. ራማክ የሚባለውን ኮምፒዩተር ሲያስተዋውቅ፣ ማከማቻው እያንዳንዳቸው የ61 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ነበሩት። ሁሉም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ዲስኮች እየበዙ፣ ፋብሪካዎችም እየተለያዩ ሲሄዱ ኮምፒዩተሩና ዲስኩ የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ አስፈለገ። ስካዚ የተባለው ቋንቋ በ1986 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መደበኛ ደንብ ሆኖ ጸደቀ። የስካዚ ትእዛዝ በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ከዚህ ቁጥር ቦታ አንብብ፣ በዚያ ቁጥር ቦታ ጻፍ የሚል ነው።

ስካዚ በመጀመሪያ ይጓዝ የነበረው ጥቂት ሜትሮች ብቻ በሆነ ወፍራም ኬብል ነበር። ማከማቻውንና ሰርቨሮቹን አራርቆ ለማስቀመጥ ሲፈለግ ሌላ መጓጓዣ ግድ ሆነ። በ1994 እ.ኤ.አ. ፋይበር ቻናል የሚባለው ሥርዓት መደበኛ ሆኖ ወጣ። አሥር ዓመት ቆይቶም በ2004 እ.ኤ.አ. አይ-ስካዚ የተባለው ሥርዓት በኢንተርኔት ደንቦች ዝርዝር ውስጥ በ3720 ቁጥር ታተመ። ከደንቡ አዘጋጆች ቀዳሚው በእስራኤል አገር በሃይፋ ከተማ በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት ጁሊያን ሳትራን ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያጤኑልን እንፈልጋለን። በፋይበር ቻናልም ሆነ በአይ-ስካዚ ውስጥ የሚጓዘው ትእዛዝ ያው የስካዚ ትእዛዝ ነው። ደብዳቤው አንድ ሆኖ ፖስታውና መልእክተኛው ብቻ ይለያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ የበሩን ፕሮቶኮል መለወጥ በዲስኮቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደገና መጻፍ አይደለም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች ሥራውን አቅልለው ይመለከቱታል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ሁለቱ መልእክተኞች ጠባያቸው የተለያየ ነው። ፋይበር ቻናል የራሱ ስዊች፣ በሰርቨሩም ውስጥ የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል። መንገዱ ለብቻው የተከለለ ነው፤ ተቀባዩ ቦታ አለኝ ብሎ ሳይፈቅድ ላኪው ጭነት አይልክም። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚወድቅ ጭነት እምብዛም አይኖርም። አይ-ስካዚ ግን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በሚያውቁት በተራው የኢተርኔት ኔትዎርክ ይሄዳል። በመንገድ ላይ የጠፋ ጭነት ቢኖር ቲ.ሲ.ፒ. የሚባለው ደንብ እንደገና ያስልከዋል። ወጪው ብዙውን ጊዜ ያነሰ፣ ባለሙያውም በቀላሉ የሚገኝ ነው። መንገዱ ግን ሌላም ሰው የሚሄድበት ስለሆነ መጨናነቅና ሥጋት አያጣውም።

እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት ማከማቻውን በፋይበር ቻናል በሮች ገዝቶ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ አዲስ የመጡት ሰርቨሮች ኢተርኔት ብቻ ያላቸው ሆነው ቢያገኛቸው ምን ያድርግ? ሌላ ማከማቻ መግዛት ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች በሩ ራሱ ቋንቋ እንዲለውጥ አድርገው ይሠሩታል። ለምሳሌ ኔትአፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከሠራቸው ማከማቻዎች መካከል ኢ2800 እና ኢ5700 የተባሉት ይህን ይፈቅዳሉ። ይህ የኢ ተከታታይ ዘር ድርጅቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ኤንጂኒዮ የተባለውን ክፍል ከኤል.ኤስ.አይ. ከገዛ በኋላ የወረሰው ነው።

የአሠራሩ መልክ እንደሚከተለው ነው። በበሩ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ፣ ኤስ.ኤፍ.ፒ. የምትባል ጣት የምታህል መሣሪያ አለች፤ የኤሌክትሪኩን ምልክት ወደ ብርሃን የምትለውጠው እርሷ ናት። አንዳንዷ የምታውቀው ፋይበር ቻናልን ብቻ፣ አንዳንዷም ኢተርኔትን ብቻ ነው። ሁለቱንም የምታውቅ ደግሞ አለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በማከማቻው መግለጫ ላይ የእያንዳንዷን የፍጥነት ዝርዝር ማንበብ ነው። የፋይበር ቻናሉ 16 ጊጋቢትና የኢተርኔቱ 10 ጊጋቢት በአንድነት ተጽፈው ቢገኙ መሣሪያዋ ሁለት ቋንቋ ትችላለች ማለት ነው። ካልሆነ ግን አስቀድሞ ሌላ መግዛት ይገባል። ሳስ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት መሰኪያው ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ፣ በእርሱ ጊዜ ካርዱ ራሱ መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ሥራ ፈቃዱን ማግኘት ነው። የበሩን ቋንቋ የሚወስነው ፊቸር ፓክ የሚባል አነስተኛ ፋይል ሲሆን፣ ፋብሪካው ይህን የሚሰጠው የማከማቻው ተራ ቁጥርና የመለያ ጽሑፉ በትክክል ሲቀርብለት ነው። አንዲት ፊደል የተሳሳተች እንደሆነ ፋይሉ ለዚያ ማከማቻ አያገለግልም። ይህን ለሌሊቱ የሥራ ሰዓት ማቆየት ሞኝነት ነው።

ሦስተኛው የመረጃው ቅጂ ነው። ቅጂ አለን ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል መልሶ በማውጣት መክፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ወደ ሌላ ማከማቻ ዘወትር የሚላክ መረጃም ካለ ግንኙነቱ በምን እንደሚተካ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

አራተኛው ሥራ ጸጥታ ነው። ሰርቨሮቹ መጻፍና ማንበብ ማቆም አለባቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች በሥርዓት ይዘጋሉ፤ ዲስኮቹም ከሰርቨሮቹ ይለያያሉ። ከዚያም ወደ ማከማቻው ጀርባ ሄዶ በኮንትሮለሮቹ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት መመልከት ነው። መብራቷ የምትበራው በኮንትሮለሩ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ ጽሑፍ ሲኖር ነው። እስክትጠፋ ድረስ መታገሥ ግዴታ ነው። የቸኮለ ሰው በዚህች ደቂቃ የሚጎዳው የሌላውን ሰው መረጃ እንጂ የራሱን አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ፊቸር ፓኩ ይጫናል። የማከማቻው ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ሠራተኛው በእርግጥ አስቦበት እንደሆነ ለማወቅ ለውጥ የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል በገዛ እጁ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ቃሉ ሲጻፍ ሁለቱም ኮንትሮለሮች ጠፍተው እንደገና ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም በሮች ዝግ ናቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሸከማል የተባለው ተስፋም ለዚያን ሰዓት አይሠራም። ስለዚህ ሥራ ሳይቋረጥ ይከናወናል ብሎ ለበላይ ቃል የሚሰጥ ሰው ያልሆነውን ይናገራል።

ኮንትሮለሮቹ ሲነሡ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ዋናው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማከማቻው የትኛው ሰርቨር የትኛውን መረጃ እንዲያይ የሚፈቅደው በስም ነው። በፋይበር ቻናል ጊዜ የሰርቨሩ ስም ከካርዱ ጋር የተወለደ ባለ 16 ምልክት ጽሑፍ ነበር። በአይ-ስካዚ ግን ስሙ አይ.ኪው.ኤን. በሚሉ ፊደሎች ጀምሮ ዓመተ ምሕረትና የድርጅት ስም የሚከተልበት ረጅም ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ትናንት የቤተ ሰብ ያህል ይታወቅ የነበረው ሰርቨር ዛሬ በአዲስ ስም ሲመጣ ማከማቻው አያውቀውም። በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባ ግን የለም።

ሰው የሚደነግጠው በዚህ ሰዓት ነው፤ መረጃም የሚጠፋው ከመሣሪያው ጉድለት ይልቅ ከድንጋጤ ነው። ሌሊቱ ሊነጋ ሲቃረብ፣ አለቃም በስልክ ሲጠይቅ፣ ሠራተኛው አዳዲሶቹን ስሞች በችኰላ ይመዘግባል። ያን ጊዜ የአንዱን ሰርቨር መረጃ ለሌላው የፈቀደ እንደሆነ፣ ስለ መጋራት ያልተስማሙ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ቦታ ላይ እየጻፉ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። ደግሞም አንድ ሰርቨር በሁለቱ ኮንትሮለሮች በኩል ያንኑ ዲስክ ሁለት ጊዜ ያየዋል። ሁለቱን መንገዶች አንድ የሚያደርገው ፕሮግራም አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያሉት ይመስለዋል። ባለሙያው ይህ ዲስክ አዲስ ነውን? ይሰናዳልን? የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት መልሱ እንቢ መሆን አለበት። በዚህች ጥያቄ ላይ በስሕተት የተሰጠ እሺታ መዝገቡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

መድኃኒቱ በቀን ብርሃን የተጻፈ ሰንጠረዥ ነው። በአንድ ረድፍ የሰርቨሩ መጠሪያ፣ የቀድሞ ስሙ፣ አዲሱ ስሙና የሚፈቀድለት መረጃ ይሰፍራል። አንዱ ሰው ሲያነብ ሌላው ይመዘግባል፤ ከዚያም ተለዋውጠው ይመረምራሉ። በመጀመሪያም ጉዳቱ ቀላል የሆነውን አንድ ሰርቨር ብቻ አገናኝቶ፣ ማንበቡንም መጻፉንም አይቶ ወደ ቀጣዩ መሄድ ይገባል። እስከዚህ ሰዓት ካልተሳካ ወደ ቀድሞው እንመለሳለን የሚል የተወሰነ ሰዓት፣ ለመመለሻም የሚሆነው የቀድሞው ፊቸር ፓክና የቀድሞዎቹ ኬብሎች በአጠገብ መኖር አለባቸው።

ስለ መንገዱ ጥበቃም ሳንናገር አናልፍም። ወደ አይ-ስካዚ የተዛወረ ማከማቻ ከተከለለ ግቢ ወጥቶ ከአደባባይ መንገድ ዳር እንደ ሰፈረ ቤት ነው። አድራሻውና 3260 የሚባለው የበር ቁጥር ይታወቃል። ስለዚህ መንገዱ ሠራተኛው ሁሉ ከሚገለገልበት ኔትዎርክ ተለይቶ መከለል አለበት። ቻፕ የሚባለው በምሥጢር ቃል ማንነትን ማረጋገጫም ሥራ ላይ ይዋል። በኢተርኔት አንድ ጊዜ የሚላከው ጭነት ከተለመደው 1500 ባይት ወደ 9000 ባይት ከፍ እንዲል የተፈለገ እንደሆነ ከሰርቨሩ እስከ ስዊቹ፣ ከስዊቹም እስከ ማከማቻው ሁሉም አንድ መጠን መያዝ አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ቢቀር ግንኙነቱ ያለ ይመስላል፤ ትልልቁ ጭነት ግን በመንገድ ይቀራል።

ይህ ችግር ደግሞ አንድ ጊዜ ታልፎ የሚረሳ አይደለም። ለአዲሶቹ ፈጣን ዲስኮች ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የተባለ ሌላ ቋንቋ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኔትዎርክ የሚጓዝበት ደንብ ተከትሎታል። ስለዚህ ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉት ወጣቶች በሥራ ዘመናቸው የበሩን ቋንቋ ከአንድ ጊዜ በላይ መለወጣቸው አይቀርም። የመሣሪያው ስም ይለወጣል፤ ቅጂውን መፈተን፣ ጽሑፉ እስኪወርድ መታገሥ፣ ስሞችን አስቀድሞ መመዝገብና የመመለሻውን መንገድ ማዘጋጀት ግን አይለወጡም።

ለወጣት ሹማምንት የምናሳስበውም ይኸው ነው። ባለሙያው የአንድ ሙሉ ሌሊት ጊዜና አንድ ረዳት ሲለምን እንደ ቅንጦት አይቈጠርበት። በማከማቻው ውስጥ ያለው የልደት ምስክር ወረቀቷን ፈልጋ በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ፊት የምትቆም እናት መዝገብ ሊሆን ይችላል። እርሷ ስለ ፋይበር ቻናልም ስለ አይ-ስካዚም ማወቅ አይጠበቅባትም። ከእኛ የምትጠብቀው መዝገቧ በቦታው መገኘቱን ብቻ ነው።