ቱቦው ሳይወጣ የተቀዳ ደም

ይኼ በእኛው መካከል ይቅር። ከላብራቶሪው መስኮት ወዲህ ያለነው ሻይ ላይ ስንቀመጥ የምናነሣው ነገር ነው።

ከሰቆጣ ዙሪያ አንድ አባባ ይመጣሉ። ሽንታቸው ከተቋጠረ ሁለት ቀን ሆኗል። ቱቦ ገብቶላቸው እፎይ ሲሉ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ፣ ሁሉንም ዛሬውኑ ጨርሱልኝ» ይላሉ። ደሙ በዚያው ቀን ለፒኤስኤ ይቀዳል። ውጤቱ 30 ናኖግራም ይወጣል፤ ብዙ ቦታ የጥርጣሬው መነሻ 4 ነው። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካንሰር ነው አይደል?» ይለናል።

ፒኤስኤ የዘር ፈሳሽን የሚያቀጥን ፕሮቲን ነው፤ ቤቱም የፕሮስቴት ዕጢ ነው እንጂ ደም አይደለም። ካንሰር ግድግዳውን ሲያፈርስ ወደ ደም ያመልጣል። ግን ኢንፌክሽንም፣ እብጠትም፣ የሽንት መቋጠርም፣ ያ ቱቦም ያስመልጡታል።

ደግሞ ፒኤስኤን የሚያየው የእኛ መሣሪያ ብቻ አይደለም። የሰውነት መከላከያም ያየዋል። ፕሮስቴታቸው ለረጅም ጊዜ የተቆጣ አንዳንድ ወንዶች ነጭ የደም ሴላቸው በዚሁ በራሳቸው ፕሮቲን ላይ ሲነሣ ተገኝቷል። ወንድ አይጥ የፕሮስቴት ቅንጣቢ ተወግቶ የራሱን ዕጢ በራሱ መከላከያ ማቁሰሉም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ካንሰር ሳይኖር ማለት ነው።

ተመራማሪው ሪቻርድ አብሊን የፕሮስቴትን አንቲጅን በ1970 እ.ኤ.አ. ሲገልጽ፣ የሚያጠናው ዕጢ በረዶ እስኪሆን ሲቀዘቅዝ ሰውነት የሚሰጠውን ምላሽ ነበር። በ2010 ግን ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የፒኤስኤ ምርመራ ለጅምላ መዋሉን አጥብቆ ተቸ። በዚያው ዓመት አሜሪካ መከላከያውን በካንሰሩ ላይ የሚያስነሣውን ፕሮቬንጅ የተባለ የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ፈቀደች፤ የታማሚውን የራሱን ሴል አውጥተው ፒኤፒ የተባለ ሌላ የፕሮስቴት ፕሮቲን አስተዋውቀውት ይመልሱታል። በአማካይ 4 ወር ዕድሜ ጨመረ፤ ዋጋው ያኔ 93,000 ዶላር ነበር። ወደ ብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ለአባባ አልነገርናቸውም።

ቁጥሩ በመቶዎች ሆኖ አጥንት የሚያማቸውንማ በቱቦ አናመካኝም። ለሌላው ግን ሐኪሙ ቁጣው በርዶ ከሳምንታት በኋላ ይደገም ይላል። «ስድስት ሳምንት? እርሻዬስ?» ይላሉ አባባ።

ስለዚህ አንዳንዶቻችን ውጤቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ሲቀዳ ቱቦ ነበር» ብለን እንጽፋለን። ፎርሙ ላይ ለዚያ የተተወ ቦታ የለም።