«ወንጀል ሠርተህ ታውቃለህ?»



ሮቤ ወይም ጎባ ላይ አንድ ሙስሊም አባት ዘንድ ሄዳችሁ «ወንጀል ሠርተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወንጀል የሌለበት ማን አለ? አላህ ይማረን» ይሏችኋል። እኛ ወንጀል የምንለው አላህ ዘንድ የሚያስጠይቀንን ጥፋት ነው፤ ለፖሊስና ለዳኛ ግን የሕግ ቃል ነው። እንግዲህ ይህ ጥያቄ ለታራሚዎች በሚሰጥ የሥነ ልቦና መጠይቅ ውስጥ ቢገባ፣ አላህን የሚፈራው ሰው «አዎ» ይላል፤ ነጥቡም ይመዘገብበታል።

ሳይኮፓቲ የሚባለው ጠባይ እብደት አይደለም። ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል፤ የጎደለው ርኅራኄና ጸጸት ነው። በሰፊው የታወቀው መለኪያ ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሄር ከካናዳ ታራሚዎች ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ነው። 20 መመዘኛዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል። ከ40ው 30 ያገኘ ሰው በሰሜን አሜሪካ ሳይኮፓት ይባላል። ነጥቡን የሚሰጠው ታራሚውን ቃለ መጠይቅ አድርጎ መዝገቡንም ያየ የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ይህ 30 ዕረፍት ነሳኝ። የትኛውም የመለኪያ መሣሪያ ቦታ ሲቀየር እንደገና ይስተካከላል። ኩክና ሚቺ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት የሰሜን አሜሪካው 30 ስኮትላንድ እስር ቤት ውስጥ ወደ 25 የሚጠጋ ሆኖ አግኝተውታል። ቋንቋው እዚያም እዚህም እንግሊዝኛ ነው! ወደ አማርኛና ኦሮምኛ ሲመጣማ አስቡት።

ተርጉሞ፣ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉመው ማድረግ የተለመደ ነው፤ ግን «ወንጀል» የሚለው ቃል ይህን ፈተና ያልፋል፤ ደርሶ መልስ ትክክል ነው። ችግሩ የሚታየው ከታራሚዎች ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን ጥያቄ እንዴት ተረዳኸው?» ሲባል ብቻ ነው።

ጸጸትን እንውሰድ። ሰው የገደለ አንድ ታራሚ «ቀደር ነው» አለ እንበል። መድረሳ እንደተማርነው ቀደር ለጥፋት ማምለጫ አይሆንም። ነገር ግን ይህን የሚል ሁሉ ከኃላፊነት እየሸሸ አይደለም፤ ሐዘኑን የሚናገርበት ሌላ ቃል የሌለውም አለ። ከውጭ የመጣ መዛኝ 2 ሊሰጠው ይችላል። ወንድሙ ቤት ለዓመታት የኖረም «በሰው ጫንቃ የሚኖር» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ እኛ ጋ ዝምድና ነው። ስህተቱ በተቃራኒውም ይሆናል፦ የልጅነት ጥፋቱ በሀገር ሽማግሌ ስለታረቀ መዝገብ የለውም፤ ነጥቡ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

በወንጀል ሕጋችን አንድ ታራሚ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ከፈጸመ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ የሚችለው ጠባዩ ታይቶ ነው። በካናዳና በአሜሪካ ደግሞ የዚህ ፈተና ውጤት አመክሮ ሲወሰን ይቀርባል። ስለዚህ እዚህ አንድ ቀን ከመጣ፣ ቁጥሩ እዚሁ ታራሚዎች ላይ ተሞክሮ መገኘት አለበት፤ ማንበብ ለማይችለውም ጥያቄውን የሚያነብለት ጠባቂው መሆን የለበትም።