የሁለት ዓመቱ ኮንትራትና ያልተወራረደው ወጪ

ወደ አረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የሚሰጣቸው የሥራ ቪዛ በጊዜ የተገደበ መሆኑ፣ አሠሪ መቀየርም ሆነ ከአንዱ የቪዛ ዓይነት ወደ ሌላው መዛወር እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ በየጊዜው ይነገራል፤ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «ካፋላ» በሚለው ቃል ላይ ይቆማል። ካፋላ የውጭ አገር ሠራተኛን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማውን፣ ከአንድ ስፖንሰር ጋር የሚያስር የሕግና የአሠራር ሥርዓት ነው። ስለ ሥርዓቱም፣ ስለ ጨካኝ አሠሪዎችና ስለ ሕገ ወጥ ደላሎችም ብዙ ተብሏል። ሠራተኛዋ ገና ከቦሌ ሳትነሣ አሠሪው ለኤጀንሲ የሚከፍለው የቅጥር ወጪ ግን በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም።

የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ለዚህ ወጪ እንደ ሠራተኛዋ ዜግነት የሚለያይ ጣሪያ ያወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን የተቀመጠው ጣሪያ 5,900 ሪያል ነበር። የአንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝ በአብዛኛው 1,000 ሪያል በመሆኑ፣ ቀጣሪው ቤተሰብ አንድም ቀን አገልግሎት ሳያገኝ የስድስት ወር ደመወዝ የሚጠጋ ገንዘብ ይከፍላል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የኮንትራቱ ሁለት ዓመት ለሠራተኛዋ የሥራ ዘመን ሲሆን፣ ለአሠሪው ግን አስቀድሞ ያወጣውን ገንዘብ ወር በወር የሚያወራርድበት ዘመን ይሆናል። ሠራተኛዋ በሰባተኛው ወር ልሂድ ብትል አሠሪው የሚታየው የአንድ ሰው ከሥራ መልቀቅ ሳይሆን ያልተመለሰለት ገንዘብ ነው፤ ፓስፖርት መያዝ፣ ስልክ መንጠቅና በር መቆለፍ ምንም ዓይነት ማመካኛ የማይገኝላቸው በደሎች ቢሆኑም፣ በክፉ ሰዎች ቤት ብቻ ሳይወሰኑ በሌላው ነገር ደግ በሚባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ጭምር የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የጉዳዩ አስቸጋሪነት የሚጎላው ወጪው በአሠሪው ላይ የወደቀው በበጎ ዓላማ በመሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ዋስትናን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያደረገው፣ ሠራተኛዋ ጥሪት ሽጣ ወይም በአራጣ ተበድራ እንዳትሄድ ለመከላከል ነው። ይህ ጥበቃ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሠራተኛዋ ትከሻ የወረደው ሸክም አልጠፋም፤ አሠሪው ላይ ዐርፏል፣ አሠሪውም በእርሷ ጊዜ ላይ መብት እንዳለው እንዲቆጥር አድርጎታል። ዕዳው በገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በወራት የሚከፈል ሆኗል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ኤጀንሲዎችም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደሉም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ ሠራተኛዋ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሥራውን ካቆመች ኤጀንሲው የተቀበለውን ገንዘብ ይመልሳል ወይም ሌላ ሠራተኛ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከቀረው የኮንትራት ጊዜ ጋር የተመጣጠነ ክፍያ ይመልሳል። ይህ ለአሠሪው የተሰጠ ዋስትና በሠራተኛዋ ላይ ያለው ውጤት ብዙ አይነሣም፤ በደል ደርሶባት ወደ ኤጀንሲው የምትደውል ሴት አቤቱታዋን የምታቀርበው እርሷ ከቤቱ በወጣች ቁጥር ገንዘብ ለሚጎድልበት ወገን ነው። «ትንሽ ታገሺ» የሚለው የተለመደ መልስ በዚህ በኩል ሲታይ ከምክርነቱ ይልቅ የሒሳብ መልስነቱ ይጎላል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባት ሊባኖስም እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛዋ ያለ አሠሪው ፈቃድ ውሏን እንድታቋርጥ የሚያስችል ወጥ የሥራ ውል ሲወጣ፣ ጉዳዩን ወደ አገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ወስዶ ያሳገደው የአሠሪ ቤተሰቦች ስብስብ ሳይሆን የቅጥር ኤጀንሲዎች ማኅበር ነበር።

የቪዛ ዓይነት መቀየርን በሚመለከት የኩዌት ሁኔታ ግልጽ ማሳያ ነው። በኩዌት የቤት ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ «አንቀጽ 20»፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ፈቃድ ደግሞ «አንቀጽ 18» በመባል ይታወቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው በር በመደበኛው ጊዜ የተዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 14 እስከ መስከረም 12 ቀን 2024 ባለው ጊዜ መንግሥት ከአንቀጽ 20 ወደ አንቀጽ 18 መዛወርን ሲፈቅድ፣ ሠራተኛው ከአሠሪው ዘንድ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየቱንና የአሠሪውን ስምምነት ማግኘቱን በቅድመ ሁኔታነት አስቀምጧል። ሁለቱም ቅድመ ሁኔታዎች የሥራ ገበያውን ፍላጎት ወይም የሠራተኛውን ችሎታ አይመለከቱም፤ የሚጠብቁት የአሠሪውን ያልተወራረደ ወጪ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት «ተናዙል» የሚባለው፣ አሮጌው ስፖንሰር ከአዲሱ ገንዘብ ተቀብሎ ሠራተኛዋን የሚለቅበት አሠራርም ከዚሁ ምንጭ የሚቀዳ ሲሆን፣ ወጪ የማካካስ ልማድ ሰውን ወደ መሸጥ ምን ያህል እንደሚጠጋ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢቢሲ ባደረገው ምርመራ በኩዌት የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያዎች ለሽያጭ ሲቀርቡ መገኘታቸው አሳይቷል።

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የግል ድርጅት ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ እንዲዛወሩ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አድርጋለች። ኳታር በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኞችንም አካታለች፤ የተከፈለው የቅጥር ወጪ በማን ላይ እንደሚቀር በግልጽ ባልተፈታበት ሁኔታ ግን ከአሠሪዋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድር ሴት የመልቀቂያ ማስታወቂያ ሰጥታ ቀሪዎቹን ሳምንታት እንዴት በሰላም እንደምታሳልፍ መገመት ያዳግታል።

መዛወር ያልቻለች ሠራተኛ ያላት ምርጫ መቆየት ወይም መጥፋት ነው። በጠፋች ዕለት አሠሪው «ሁሩብ» የሚባለውን ከሥራ የመጥፋት ሪፖርት ሲያስመዘግብ ቪዛዋ ጊዜው ሳያልቅ ዋጋ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ በሰው ቤት በቀን ወይም በወር እየተከፈላት ከኮንትራቱ የተሻለ ገቢ ልታገኝ ብትችልም፣ ስትታመም ሆስፒታል መሄድ፣ ደመወዝ ስትከለከል መክሰስ፣ ስትናፍቅም ወደ አገሯ ደርሶ መመለስ አይቻላትም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በባሕር የተሻገሩ ብዙ ወንዶችን ያካተቱ ቢሆኑም፣ በመካከላቸው በሕጋዊ ቪዛ ገብተው በሁሩብ ሕገ ወጥ የሆኑ ሴቶች ነበሩ፤ በወቅቱ ሁሉም በአንድ ስም መጠራታቸው የኋለኞቹን ታሪክ ሸፍኖታል።

የወጪውን ጥያቄ በቀጥታ የነካው እርምጃ ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በአዲስ የቤት ሠራተኛ ኮንትራቶች ላይ የጣለችው አስገዳጅ መድን ነው። መድኑ ሠራተኛዋ ሥራ ስታቆም ወይም ስትጠፋ ለአሠሪው የቅጥር ወጪውን ለማካካስ፣ አሠሪው ሲሞት ወይም አቅም ሲያጣ ደግሞ ለሠራተኛዋ ያልተከፈለ ደመወዟን ለመሸፈን የታሰበ ነው። ወጪው በሠራተኛዋ ወራት መወራረዱ ቀርቶ በመድን የሚካካስ ከሆነ አሠሪው በር የሚቆልፍበት ምክንያት ይቀንሳል፤ የመዛወር መብትም ከወረቀት የመውረድ ዕድል ያገኛል። ካሳው የሚገኘው ሠራተኛዋ ጠፋች ተብሎ ሲመዘገብ ከሆነ ግን፣ በስምምነት ልትለቀቅ ትችል የነበረች ሴት ስሟ በሁሩብ መዝገብ እንዲገባ የሚያደርግ አዲስ ጥቅም ይፈጠራል። ስለዚህ ክትትል የሚያስፈልገው የመድኑ መኖር ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ካሳ ለማግኘት አሠሪው የትኛውን ቅጽ እንዲሞላ በሚጠየቅበት ዝርዝር ላይ ነው።