በእግር የሚነዳው መኪና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚሴ ይደርሳል። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከጨፋ ሜዳ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ሞቃት ከተማ። እንዲህ ባሉ ከተሞች ጠዋት ወደ በረንዳ የሚወጣ፣ ማታ ወደ ሱቅ የሚገባ አንድ መሣሪያ አይጠፋም። የእግር ስፌት መኪና ነው። ፋብሪካው የትም ይሁን የት ብዙው ሰው «ሲንጀር» ይለዋል።

ዛሬ የምናስተዋውቀው ይህንን መኪና ነው። በረንዳ ላይ የሚሠራውን ሁሉም ያየዋል። ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሙያ ይጀምራል፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቦርሳ፣ ከአሮጌ ልብስ የአልጋ ልብስ ያወጣል። ሹራብና ዳንቴል ላይ ሲደርስ ደግሞ ቦታውን ለእጅ ይለቃል። ፋብሪካዎች በሞሉበት ዘመን ይህ አሮጌ መሣሪያ ለምን እንዳልጠፋ ለመረዳት መጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

አንድ መርፌ፣ ሁለት ክር

በእጅ ስንሰፋ መርፌው ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አልፎ ይወጣል፤ ክሩን ሁሉ ይዞ ተመልሶ ይገባል። የክሩ ቀዳዳ ያለው በመርፌው ጭራ ላይ ነው። በመኪናው መርፌ ግን ቀዳዳው ከሹል ጫፉ አጠገብ ነው። መርፌው ጫፉን ብቻ ወደ ታች ያሳልፍና ይመለሳል። መመለስ ሲጀምር ያስገባው ክር ከጨርቁ በታች ትንሽ ይላላና ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከሥር የሚዞረው መንጠቆ ቀለበቱን ይይዝና በታችኛው የክር ጥቅል ዙሪያ ያሳልፈዋል። ከላይ ያለው ክር ሳቢ ክንድ ደግሞ ትርፉን ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መሐል ተቆላልፈው ይቀራሉ። መርፌው ከጨርቁ በወጣበት ጊዜ ከሥር ያሉት ጥርሶች ጨርቁን አንድ እርምጃ ወደፊት ይገፉታል፤ የርምጃው ርዝመት የስፌቱ ርዝመት ነው።

ኃይሉ የሚመጣው ከእግር ነው። ፔዳሉ ትልቁን መንኮራኩር ያዞራል፤ ትልቁ መንኮራኩር በቆዳ ቺንጋ ላይኛውን ትንሽ መንኮራኩር ይስባል። ትልቁ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ስፌት ይሰፋል። አዲስ ተማሪ የሚቸገረው በዚህ ላይ ነው። እግሩ ከተሳሳተ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ይወሳሰባል ወይም ይበጠሳል። ስለዚህ ጀማሪ ክር ሳያስገባ ወረቀት ላይ ይለማመዳል። በተሰመረ ደብተር ወረቀት ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች መስመሩን ካልሳቱ እግርና እጅ ተስማምተዋል ማለት ነው።

የክሩ መጥበቅና መላላት የሙያው ግማሽ ነው። የታችኛው ክር በጨርቁ ፊት ላይ ብቅ ብቅ ካለ የላይኛው ክር ጠብቋል። ከጨርቁ በታች ክሩ ከተከመረ ጀማሪ ሁሉ የታችኛውን ጥቅል ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው፤ ወይ በማጥበቂያው መሐል አላለፈም ወይ ከክር ሳቢው ክንድ አምልጧል። ስፌቱ እየዘለለ ከሄደ መርፌው ተጣሟል ወይም ጠፍጣፋ ጎኑ ያለቦታው ዞሯል።

ከተቃጠለ ፋብሪካ እስከ ዱቤ ሽያጭ

መኪናው ሲወለድ የተቀበለው ደስታ ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዊው ባርተሌሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አግኝቶ በፓሪስ የወታደር ልብስ መስፋት ጀመረ። በማግስቱ ዓመት እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ወርሻውን ወርረው 80 ያህል መኪናዎቹን አወደሙበት። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው የሁለት ክር ስፌቱን መብት በ1846 አስመዘገበ፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቦስተን ላይ ከአምስት ሴት ሰፊዎች ጋር ተወዳድሮ በደቂቃ 250 ስፌት በመስፋት በልጧቸው ነበር። «ሲንጀር» የሚለው ስም የመጣበት አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 ቀጥ ብሎ የሚወርድ መርፌና ፔዳል ያለውን መኪናውን ይዞ መጣ።

የሲንገርን ስም ዓለም ያወቀው በሽያጭ ዘዴውም ጭምር ነው። ኩባንያው ከ1856 ጀምሮ ትንሽ ቅድመ ክፍያ እየተቀበለ ቀሪውን በየወሩ ማስከፈል ጀመረ። ልብስ የሚሰፋው ድሃው ነውና፣ ድሃው መኪናውን እየሠራበት እንዲከፍለው አደረገ። እኛ ዘንድ የመግዣውን ሸክም ሲያቀል የኖረው ዕቁብ ነው፤ የዕቁብ ዕጣ ደርሷት መኪና የገዛች ሴት በየሠፈሩ አለች። በአማራ ክልል ደግሞ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ለአነስተኛ አምራቾች ማሽን በኪራይ ግዢ ያቀርባል።

መኪናው አገራችን ሲገባ ያገኘው የልብስ ባህል በመቀስና በስፌት ላይ የቆመ አልነበረም። እናት ትፈትላለች፣ ሸማኔ ይሸምናል፤ ነጠላውም ጋቢውም ከሸማኔው ወጥቶ በእጅ ይያያዝና ይለበሳል። ቆላ የሚለበሰው ሽርጥም ሁለት ጫፉ ከተገጠመ ሌላ ስፌት አይፈልግም። ሸሚዝ፣ ሱሪና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲመጡ ግን ቅድ፣ ኪስ፣ እጅጌና አንገትጌም አብረው መጡ፤ ልብስ ሰፊው በየከተማው በረንዳ ያዘ። በሐረር ጁገል ከፈረስ መጋላ የሚወርደው «መኪና ግርግር» የተባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት ሰፊዎች የመኪና ድምፅ ነው።

ለምን እስካሁን?

መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪኩ መኪና ይቆማል፤ የእግሩ አይቆምም። በየወሩ የሚከፈል የመብራት ዋጋም የለበትም። ሦስተኛው ምክንያት የመለዋወጫ ነገር ነው። ከሻንጋይ የሚመጣው የቢራቢሮ ምልክት ያለበት መኪና የተሠራው የሲንገርን 15 ቁጥር መኪና ተከትሎ ነው። ስለዚህ የአንዱ መርፌና ታችኛ ጥቅል ለሌላው ይሆናል፤ የአያት መኪና በልጅ ልጅ መኪና ዕቃ ይጠገናል።

በከሚሴና በዙሪያዋ ደግሞ ሥራው ራሱ ለዚህ መኪና የተመቸ ነው። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይቆማል፤ ባቲ ላይ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበያተኛ ይገናኛል። ገበያተኛ የሚፈልገው ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የተቀደደ ጆንያ መስፋት፣ የተገዛ ሽርጥ መግጠም፣ ሰፊ ሱሪ ማጥበብ። ረመዳን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ለኢድ የሚሰፋ ልብስ ይከመራል፤ ጳጉሜ ላይ ደግሞ ዩኒፎርም።

ቦርሳ

ቤት ውስጥ ለጀማሪ ከልብስ ይልቅ ቦርሳ ይሻላል። ልብስ ለሰውነት መስማማት አለበት፤ ቦርሳ የሚለካው በሚሸከመው ነው። ሁለት ጎን፣ አንድ ወለል፣ ሁለት እጀታ ነው። ቦርሳ የሚበላሸው ጨርቁ ሲቀደድ ሳይሆን እጀታው ሲነቀል ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰፊ የእጀታውን ጫፍ አጥፋ ከውስጥ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ታስደግፋለች፤ አራት ማዕዘን ትሰፋና በመሐሉ ከጥግ ወደ ጥግ መስቀለኛ ታሳልፍበታለች። ክብደቱ በአንድ መስመር ላይ መዋሉ ይቀርና በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል።

«ማዳበሪያ» የምንለው የፕላስቲክ ጆንያ ጥሩ የገበያ ቦርሳ ይወጣዋል፤ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ይተረተራል፤ ስለዚህ በሻማ እሳት ጠርዙን ማቅለጥ ወይም ሁለቴ አጥፎ መስፋት ያስፈልጋል። መርፌው ወፍራም፣ 16 ወይም 18 ቁጥር ይሁን፤ ለሸሚዝ የሚሆነው 14 ቁጥር እዚህ ይጣመማል። ስፌቱ ደግሞ ረዘም ይበል። ተጠጋግቶ ከተሰፋ ፕላስቲኩ እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀዳዳዎቹ መስመር ይቀደዳል።

ድሪቶና የአልጋ ልብስ

ድሪቶ ስሙ የድህነት ነው፤ አሠራሩ ግን ሌላው ዓለም በሙያ ማኅበርና በዐውደ ርእይ የሚያከብረው ሙያ ነው። ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ አንድ ፊት ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም ጥጥ ይገባል፤ ከሥር ገበር ይደረጋል፤ ሦስቱም አንድ ላይ ይሰፋሉ። የሚያሞቀው በድርብርቡ መሐል የታሰረው አየር ነው። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ከሁለት ድርቡ ነጠላ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በየሠፈሩ «ፍራሽ አዳሽ!» እያለ የሚዞረው ሰውም የዚህ ሙያ ዘመድ ነው፤ የደደረውን ጥጥ አውጥቶ ይመታዋል፤ መልሶ ሞልቶ በረጅም መርፌ ከላይ እስከ ታች ይወጋዋል፤ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሸሽ።

በመኪና ለሚሠራ ሦስት ነገር ይበቃል። ቁርጥራጩ መጀመሪያ ታጥቦ ይተኮስ፤ ያልታጠበ ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባልና ጎረቤቱን ያጨማድዳል። ውፍረታቸው የተቀራረበ ጨርቆች አብረው ይግቡ፤ ጂንስ ከስስ ጨርቅ ጋር ሲገጠም ስሱ ቀድሞ ይቀደዳል። ሦስቱን ድርብ የሚያያይዘው ስፌት ደግሞ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ይሂድ፤ ከዳር ከተጀመረ ትርፉ ጨርቅ መሐል ላይ ተጠራቅሞ ያብጣል።

መኪናው የማይገባበት

ሹራብ ሲሠራ ጨርቅ አይገጣጠምም፤ ጨርቁ ራሱ ከአንድ ክር ይፈጠራል። በሁለት መርፌ እያንዳንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ ይሳባል፤ ዳንቴል ደግሞ በአንድ ኪሮሽ ይሠራል። ሹራብ የሚለጠጠው ክሩ በቀለበቶቹ ውስጥ መሄጃ ስላለው ነው። ጫፉ ሲሳብ የሚተረተረውም ለዚሁ ነው፤ የጠበበው የልጅ ሹራብ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦና ተጠቅልሎ እንደገና ይሠራል። የእግር መኪናው ቀጥ ያለ ስፌት አይለጠጥም፤ ሹራብ ላይ ቢያርፍ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል። ስለዚህ የሹራብ መጋጠሚያ በእጅ ይያያዛል።

የአየሩ ጠባይም ሥራውን ይከፋፍላል። ከላይ መንዝ ብርድ ስላለ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሸመናል። ከሚሴ ሙቀት ነውና ኪሮሽ ይበልጥ የሚያገለግለው ለቤት ጌጥ ነው፤ ለሶፋ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለረከቦት ልብስ። ሹራብ ግን ለሕፃን ኮፍያና ካልሲ አይቀርም።

ሃምሳ ኪሎ ሜትር ማዶ

ከከሚሴ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ከገቡት ባለሀብቶች አንዱ የደቡብ ኮሪያው ቦርሳ አምራች ፑንግኩክ ነበር። የፋብሪካ መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይሰፋል፤ የእግሩ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ልዩነቱ ግን ከፍጥነቱ በላይ ነው። በፋብሪካ መስመር አንዷ ዚፕ ትገጥማለች፣ ሌላዋ እጀታ ትሰፋለች፣ ሦስተኛዋ ክር ትቆርጣለች፤ ቦርሳውን አንድ ሰው አይሠራውም። መስመሩ የሚኖረውም ከሩቅ በሚመጣ ትእዛዝ ነው፤ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ በየፓርኩ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች የተናወጡት ለዚህ ነው። የቤቱ መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት ግን ለክታ፣ ቀዳ፣ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ዋጋ ተከራክራ ትሸጣለች። ገቢዋ ትንሽ ቢሆንም ሥራው ከጫፍ እስከ ጫፍ የእጇ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ጎን የኖረበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የአንድ ሰው ልኬት፣ የአንድ ቤት ቁርጥራጭ፣ የአንድ ጆንያ ቀዳዳ ፋብሪካ አይቀበልም።

ለሚገዛ ሰው

አሮጌ መኪና መግዛት አያስፈራም፤ የብረቱ አካል ዕድሜ ረጅም ነው። መንኮራኩሩን በእጅ አዙሩት፤ ሳይንገራገር ከዞረ ደህና ነው። ከከበደም አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፤ በላምባ ታጥቦ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ ይፈታል። የምግብ ዘይት ግን ይደርቅና መልሶ ያጣብቀዋል። በድሮ ሲንገሮች አካል ላይ የተቀረጸው ፊደልና ቁጥር የተሠሩበትን ፋብሪካና ዘመን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1980 የሠራው የስኮትላንዱ ክላይድባንክ ፋብሪካ ብዙዎቹን አምርቷል። አቧራና ብናኝ ከጥርሶቹ ሥር በብሩሽ ይጠረግ፤ ሥራ ሲያልቅ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው አጠገብ ካለው የጨርቅ መጫኛ እግር ሥር ይቀመጥ፤ የተረፈውን ዘይት ይመጥጣል።

የተገዛው መኪና ሥራ አያጣም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ፌስታል ማምረትንም መጠቀምንም ከልክሏል። ገበያተኛ አትክልቱንና ጫቱን፣ ቡናውንና ስኳሩን የሚይዝበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆን መኪናም፣ ቁርጥራጭም፣ እጅም በከሚሴ ቤቶች አለ። የሚጎድለው አሥረኛው ቦርሳ እንደ መጀመሪያው እንዲወጣ የሚያደርግ አንድ ዓይነት ልኬትና አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። ገዢ ሁለተኛ የሚመለሰው አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይዞ ቤቱ ሲደርስ እጀታው ያልተነቀለበት እንደሆነ ነው።