መመዝገብና መማር
ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካቶ ትምህርትን መብት ያደርገዋል። ይሁን እንጂ በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ አንድ ልጅ ስለተመዘገበ ብቻ ተማረ አይባልም። ማየት የተሳነው ተማሪ በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ የብሬል መጽሐፍ፣ መስማት የተሳነው ደግሞ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ያስፈልገዋል።

«አቅም የለም» የሚለው መከራከሪያ ከፊል እውነት አለው፤ ብሬልም ሥልጠናም በጀት ይጠይቃሉ። ሆኖም ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ልጅ ክፍሉን ወደ ታች ማዛወር፣ በሰሌዳ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ፊትን ወደ ተማሪዎች አዙሮ ማስተማር ከገንዘብ ይልቅ ትኩረትን ይሻሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሊመዘን የሚገባው በመዘገባቸው ልጆች ብዛት ሳይሆን በተማሩት ነው።