ከጥርስ ተከላ በኋላ የሚወሰድ ለስላሳ ምግብ

ከጥርስ ተከላ በኋላ የሚወሰድ ለስላሳ ምግብ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ወይም ኢምፕላንት የተተከለለት ሰው በማገገሚያው ጊዜ የሚመገበው፣ ብዙ ማኘክ የማይጠይቅ፣ የማያቃጥልና ትኩስ ያልሆነ ምግብ ነው። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው የድዱን ቁስል ከመድማትና ከመመርቀዝ መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተተከለው ብረት ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው የቀናት፣ ሁለተኛው የወራት ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ

የጥርስ ተከላ የሚቻለው አጥንት ከቲታኒየም ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ይህን ስዊድናዊው ተመራማሪ ሐኪም ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተገነዘበ። በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማጥናት ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ለማውጣት ሲሞክር ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አገኘው። ሂደቱም ኦሲዮኢንተግሬሽን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ብሮነማርክ በዚሁ ዘዴ በሰው መንጋጋ ላይ ተከላ አካሄደ።

ኢምፕላንቱ በአብዛኛው የብሎን ቅርጽ አለው። በተተከለበት ዕለት ጸንቶ የሚቆመው እንደ ማንኛውም ብሎን በዙሪያው ያለው አጥንት አጥብቆ ስለያዘው ብቻ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰውነት በቀዶ ጥገናው የተጎዳውን አጥንት እያነሣ በምትኩ አዲስ አጥንት በብረቱ ላይ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ኢምፕላንቱ ደጋግሞ ከተነቃነቀ በአጥንት ፋንታ እንደ ጠባሳ ያለ ለስላሳ ሥጋ ይከበዋል፤ ተከላውም ይከሽፋል። ለዚህ የሚበቃው መነቃነቅ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ትንሽ ከፍ ያለ እንቅስቃሴ ሊበቃ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን

የማደንዘዣው ኃይል እስኪለቅ ድረስ ምንም አይበላም፤ የደነዘዘ ሰው ጉንጩን ወይም ምላሱን ሳያውቅ ሊነክስ፣ አፉንም ሊያቃጥል ይችላል። በቁስሉ ላይ የሚረጋው ደም እንደ ክዳን ሆኖ ስለሚያገለግል መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ አፍን በኃይል መጉመጥመጥ፣ መትፋትና በስትሮ መጠጣት አይመከርም። ትኩስ ምግብና መጠጥ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ መድማትን ሊቀሰቅስ ይችላል። ቡናና ሻይም ቢሆኑ ቀዝቅዘው ይጠጣሉ። ለዚህ ቀን ቀዝቃዛ እርጎ፣ ወተት፣ የቀዘቀዘ አጥሚት ወይም በውሃ የተበጠበጠ በሶ ይስማማል።

ከሁለተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት

እብጠቱ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። በዚህ ወቅት በምላስና በላንቃ ብቻ ተደቁሶ ሊዋጥ የሚችል ምግብ ይመረጣል። በኢትዮጵያ ማድ ቤት ከሚገኙት መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

• ለብ ያለ ገንፎ ወይም የቡላ ገንፎ፣ በርበሬ ሳይገባበት፤
• በርበሬ የሌለው ነጭ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ የክክ ወይም የድንች አልጫ፤
• የተፈጨ ድንች፣ ካሮትና ዱባ፤
• እንቁላል ፍርፍር፣ አይብ፣ አጥንቱ የወጣለት ለስላሳ ዓሣ፤
• ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ። ጭማቂ ቤት የሚዘጋጀው ስፕሪስም በማንኪያ ሊበላ ይችላል፤ ሎሚ ግን ቁስሉን ስለሚቆጠቁጥ አይጨመርበትም።

እንጀራ ለስላሳ ቢሆንም ቁራጩ በስፌቱ ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ያውም በአልጫ ወጥ በደንብ የራሰ ፍትፍት ሆኖ፣ ባልተነካው ወገን ቢበላ ይሻላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ከምግብ ቀጥሎ አፍን ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ የምግብ ትርፍራፊን ያስወግዳል።

የሚወገዱ ምግቦች

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ጥብስና ደረቅ ዳቦ ጠንካራ ማኘክ ስለሚጠይቁ ይወገዳሉ። ሚጥሚጣ፣ አዋዜና በርበሬ የበዛበት ወጥ ቁስሉን ያስቆጣሉ። ሰሊጥ፣ ያልተጣራ ተልባ፣ እንዲሁም እንደ ዘይቱን ያሉ ጥቃቅን ፍሬ ያላቸው ፍራፍሬዎች ዘራቸው በስፌቱ መካከል ሊሰነቀር ይችላል። የአልኮል መጠጥ ቁስሉ እስኪድን አይወሰድም። ማጨስ ምግብ ባይሆንም የድድን የደም አቅርቦት ስለሚቀንስ ለተከላ መክሸፍ ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሕመሙ ከጠፋ በኋላ

ብዙ ሰው ስሕተት የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፌቱ ወጥቶ፣ ድዱ ተዘግቶ፣ ሕመሙም ጠፍቶ ሳለ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ሥራ ገና አላለቀም። እንዲያውም ኢምፕላንቱን መጀመሪያ የያዘው አጥንት እየታደሰ፣ አዲሱ ደግሞ ገና ያልጠነከረ በመሆኑ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ የኢምፕላንቱ ጽናት ከተተከለበት ዕለት ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕመም መጥፋቱ ቆሎ ለመቆርጠም ፈቃድ አይደለም። ወደ መደበኛ ምግብ የሚመለሱት ደረጃ በደረጃ ሲሆን፣ በተተከለበት ወገን ጠንካራ ነገር የሚታኘከው ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ውሕደቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ከታችኛው የሳሳ በመሆኑ ረዘም ያለ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። በተከላው ዕለት ጊዜያዊ ጥርስ የተገጠመለት ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ያ ጥርስ በአብዛኛው የሚገጠመው ለመልክ እንጂ ለማኘክ አይደለም።

ገንቢነት፣ ጾምና መድኃኒት

ለስላሳ ምግብ ማለት ገንቢነት የሌለው ምግብ ማለት አይደለም። ቁስል እንዲጠግን ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ሲና በቂ ፈሳሽ ያስፈልጋሉ። በጾም ወቅት ከእንስሳት ተዋጽኦ ለሚታቀብ ሰው ሽሮ፣ በደንብ የላመ ምስር ክክ፣ የሱፍ ውሃና ተጣርቶ የሚጠጣ ተልባ ጥሩ አማራጮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ የሚጾም ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ስለሚቸገር የቀዶ ጥገናውን ቀን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ይመረጣል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አጥሚትና ጭማቂን ያለ ስኳር፣ በመጠኑ መውሰድ ይኖርበታል፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ቁስል ቶሎ አይድንም፣ በቀላሉም ይመረቅዛል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን እንዳይጎዱ ከምግብ ጋር ይወሰዳሉ። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው ከጠላ፣ ከጠጅ፣ ከአረቄና ከቢራ እንዲታቀብ ይመከራል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከወተት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በእርጎና በወተት ለሚያገግም ሰው የሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል።

ወደ ሐኪም መመለስ የሚያስፈልግበት ሁኔታ

በንጹሕ ጎዝ ተነክሶ የማይቆም መድማት፣ ከሦስት ቀን በኋላ የሚጨምር ሕመም ወይም እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ የሚቀር የከንፈር መደንዘዝ፣ እንዲሁም ኢምፕላንቱ ሲነቃነቅ መሰማት ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።