ስለ ተከላካዩ ዳንኤል አዶንጎ

በሁለት መንግሥታት ወሰን ላይ በተቀመጠችው ከተማችን በሞያሌ፣ ከወዲህም ሆነ ከወዲያ ባሉት ሻይ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ ማታ የሚሰበሰበው ወጣት ሁሉ የእንግሊዝን ክለቦች አጥቂዎች ስምና የዝውውር ዋጋ በቃሉ ሲያነበንብ እየሰማን፣ ናይሮቢ ተወልዶ ኤንኤፍኤል በሚባለው በአሜሪካ እግር ኳስ ታላቅ ሊግ ከኬንያውያን ሁሉ አስቀድሞ ስለተሰለፈው ስለ ዳንኤል አዶንጎ አንድ ቃል የሚተነፍስ ሰው ማጣታችን ዘወትር የሚያስቆጨኝ ነገር ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ አዶንጎ ተከላካይ ነበረ፣ የተከላካይም ሙያ ነጥብ እንደሚያስቆጥር ሰው ሙያ ዓይን አይገባም።

የጨዋታውን ሥርዓት በተመለከተ ብዙ አልደክምም፤ በ100 ያርድ ሜዳ ላይ 11 ሰዎች ከ11 ሰዎች ጋር ይገጥማሉ፣ ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ መራመድ አለበት፣ ያልቻለ እንደሆነ ኳሱን ለባለጋራው ይለቃል፣ ተከላካዮቹም እንዳይራመድ ይከለክሉታል። ይኸው ነው።

አዶንጎ በ1989 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተወልዶ፣ የተማረው ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ በኪጃቤ በሚገኘው፣ ሚስዮናውያን በ1906 ባቋቋሙትና ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 የመሠረት ድንጋይ ባኖረለት በሪፍት ቫሊ አካዳሚ ነው። ከዚያ በኋላ በደቡብ አፍሪካና በኒው ዚላንድ ክለቦች ራግቢ ሲጫወት ቆይቶ፣ በሐምሌ 2013 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ የተባለው ቡድን ሲያስፈርመው፣ በዕድሜው አንዲት የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። በልምምድ ቡድን ውስጥ ወራት አሳልፎ፣ 53 ሰዎች ብቻ ከሚይዘው ዋና መዝገብ ላይ ስሙ ሠፍሮ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ከቴነሲ ታይታንስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ሜዳ ገባ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ የተመደበበትም ስፍራ ውጫዊ ላይንባከር የሚባለው ነበረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጨዋታውን በጨረፍታ ያዩ ሰዎች፣ በተለይም ራግቢን ከናይሮቢ ቴሌቪዥን የለመዱት፣ «ይህ ራግቢ ነው፤ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ጨምረውበት ነው፤ ተከላካዩም ሥራው ሄዶ መላተም ነው» ብለው ሲፈርዱ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስሕተታቸው ቀላል አይደለም፤ የአዶንጎን ድካም በሙሉ ከዓይናቸው ሰውሮባቸዋልና። በራግቢ ሕግ ኳስ ያልያዘን ሰው መንገድ መዝጋት ጥፋት ስለሆነ፣ ባለ ኳሱን ሊጥል የሚሮጥ ተጫዋች በመንገዱ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚያግደው ባላንጣ ይመጣብኛል ብሎ አይሠጋም፤ በአሜሪካው ጨዋታ ግን ኳስ ያልያዘውን ተከላካይ ማገድ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የጨዋታው ግማሽ አካል ነው፣ 150 ኪሎ የሚመዝኑና ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ ግብር የሌላቸው ሰዎች ለዚሁ ይቀለባሉ። እንግዲህ ከራግቢ የመጣ ሰው ባለ ኳሱን መጣል ቢያውቅም ቅሉ፣ ወደ ባለ ኳሱ የሚያደርሰውን ምሥጢር፣ ማለት የአጋጁን እጅ ከደረቱ ላይ መትቶ ማስለቀቅን፣ ዝቅ ብሎ በጎኑ ማለፍን፣ በአንድ እጁ እየተገፋ በሌላው እጁ ነጻ መሆንን፣ ከፊደል ጀምሮ መማር አለበት። ሌሎቹ ይህን በልጅነታቸው ተምረውት ያደጉ ናቸው፤ አዶንጎ በ23 ዓመቱ ጀመረው።

በመጣሉ ጥበብ ረገድ ግን፣ ፍርዴ እንዳያደላ፣ ራግቢ መምህር ሆኖ መገኘቱን መመስከር ይገባኛል፤ የሲያትል ሲሃውክስ አሠልጣኝ ፒት ካሮል በ2014 ራስን ወደ ጎን አውጥቶ በትከሻ የመጣልን ሥርዓት ከራግቢ ተውሶ በፊልም አስቀርጾ ለአሠልጣኞች ሁሉ እንዲዳረስ አድርጓልና።

ሌላው የተሠወረው ነገር ስፍራን መጠበቅ ነው። ይህን ያስረዳኝ ለዘመድ ጥየቃ ከሚኒያፖሊስ የመጣ አንድ የከተማችን ልጅ ሲሆን፣ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎቹን በሁለት ረድፍ ደርድሮ፣ የስኳሩን ዕቃ ባለ ኳሱ አድርጎ፣ አንዱን ብርጭቆ ከረድፉ ጫፍ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ አቆመውና «ጋሼ፣ ስኳሩን አይዩ፤ ይህን ብርጭቆ ይዩ» አለኝ። ያ ብርጭቆ ውጫዊው ላይንባከር ነበረ። ባለ ኳሱ ወደ መካከል የሮጠ መስሎ ሲታየው ወደ ውስጥ ገብቶ የተከተለው እንደሆነ፣ ባለ ኳሱ ዞሮ በተለቀቀው ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያም ወዲያ ሜዳው ባዶ ነው፤ ይልቁን የውጭ እጁን ከአጋጁ ነጻ አድርጎ በስፍራው ከጸና፣ ባለ ኳሱ ወደ መካከል፣ ወደ ባልንጀሮቹ እጅ ለመመለስ ይገደዳል፣ የሚጥለውም ሌላው ነው፣ የሚጨበጨበውም ለሌላው ነው። በዱብሉቅ በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ በመሰላሉ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያሳልፉትን ሰዎች ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ከመካከላቸው አንዱ ባልዲውን ተከትሎ ስፍራውን ቢለቅ ከብቶቹ ከገንዳው ዳር ደርቀው ይቀራሉ።

ብርጭቆዎቹን በመደርደራችን የተቆጣው የሻይ ቤቱ ባለቤት ገንዘቡን ከጠየቀን በኋላ ልጁ ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ ስለ አለን ፔጅ ነው። በዚህ ሊግ ከመላው ተጫዋች መካከል የዓመቱ ኮከብ ተብለው የተሸለሙ ተከላካዮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው በ1971 የሚኒሶታ ቫይኪንግሱ አለን ፔጅ፣ ሁለተኛው በ1986 የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ላይንባከር ሎረንስ ቴይለር። ፔጅ ኳስ እየተጫወተ ሕግ ተምሮ በ1978 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ ከ1993 እስከ 2015ም በሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀመጠ። ተከላካይ መላተም እንጂ ማሰብ አይሆንለትም ለሚሉት ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ ሳልፈልግ ቀርቻለሁ።

ወደ አዶንጎ ልመለስ። ኮልትስ በዚያው በ2013 የሊጉን ኳርተርባኮች፣ ማለት ኳሱን የሚወረውሩትን፣ ከሁሉ አብልጦ የጣለው፣ በ19.5 ሳክ (እንዲህ ያለው መጣል ሳክ ይባላል) አንደኛ የወጣው ሮበርት ማቲስ በዚያው የውጫዊ ላይንባከር ስፍራ የሚጫወትበት ቡድን ስለነበረ፣ አዲስ ገቢ ሰው በመከላከሉ መስመር ቦታ ማግኘቱ ዘበት ነበር፤ አዶንጎ የተሰለፈው በአብዛኛው በልዩ ቡድኖች፣ ማለት ኳስ ተመትቶ ሲለቀቅ እየጋለቡ ወርደው ተቀባዩን በሚጥሉት ሰዎች መካከል ነው። ይህን ሥራ ንቀው ሻይ የሚያዝዙበት ጊዜ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በሙሉ ጨዋታው ውስጥ ከዚህ የበለጠ ትጋትና ተግሣጽ የሚጠይቅ ምዕራፍ አላውቅም። እያንዳንዱ ሯጭ የራሱ መንገድ አለው፤ በሙሉ ፍጥነቱ እየወረደ ሳለ አጋጅ ሲመጣበት በየት በኩል ላምልጥ ብሎ ይመርጣል፣ ወዲያውም ወደ መንገዱ ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ተቀባዩ እርሱ በተወው ክፍተት ይፈተለካል። ከመቶ ሺህ ዓይን አንድም ያላየው የዚያ አንድ ሰው ስሕተት በሰሌዳው ላይ ስድስት ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ ስላራቀው የተሰለፈባቸው ግጥሚያዎች ጥቂት ናቸው፤ በ2015ም ከሊጉ ወጣ። ይህን ሰምተው «ታዲያ ምን ሠራ?» የሚሉ አሉ። የሊጉ ተጫዋቾች ማኅበር እንደሚለው በዚያ ሜዳ የአንድ ሰው ዕድሜ በአማካይ ከሦስት ዓመት ብዙም አይዘልም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲዘጋጁ ኖረው ለአንድ ቀን እንኳ መለያውን ሳይለብሱ የሚቀሩት ደግሞ የትየለሌ ናቸው። እንዲህ ባለው ስፍራ፣ ጨዋታውን በጎልማሳነቱ ከዜሮ የጀመረ ሰው ከ53ቱ መካከል መቆጠሩን እንደ ኪሳራ የሚጽፍ ሰው ሒሳብ አያውቅም።

ከእርሱ በኋላ ነገሩ መልክ ይዟል። በ2017 ሊጉ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ተጫዋቾችን ተቀብሎ የሚያሠለጥንበትን ሥርዓት አቋቋመ፣ በ2023ም ለአፍሪካ ወጣቶች ያዘጋጀውን የሥልጠና ካምፕ በናይሮቢ አደረገ። በሌላ ወገን አዶንጎ የተሰለፈበት ያ የምት መልቀቂያ ጉዞ ግጭቱ በዝቷል ተብሎ ተለዋወጠ፤ በ2018 ተንደርድሮ መነሣት ተከለከለ፣ በ2024 ደግሞ ከመቺው በቀር አሥሩም ሰዎች በባለጋራው 40 ያርድ መስመር ላይ ቆመው ኳሱ መሬት ወይም ተቀባዩን እስኪነካ ድረስ እንዳይንቀሳቀሱ ተደነገገ።

የሊጉ የዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ፣ ሱፐር ቦውል የሚባለው፣ በእኛ ሰዓት ሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀመራል። ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ኳሱ ሲነሣ ዓይኑን ከኳሱ አንሥቶ በረድፉ ጫፍ ላይ የቆመውን ሰው እጆች ይመልከት፤ ካሜራው ግን ኳሱን ተከትሎ ስለሚሄድ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል።